ከነጠላው ስር ያለው ፊት

ወሩ በገባ በ23 ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያውን ነጭ ለብሷል። ሰዓቱ ወደ አምስት ተኩል ሆኗል። አንዲት እናት ግንቡን ተደግፈው ይጸልያሉ። ሲጨርሱ ጠብቄ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩና በጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳኋቸው። "እስቲ አሳየኝ ልጄ" አሉኝ። ስክሪኑን በእጃቸው ከፀሐይ ከልለው ትክ ብለው አዩት። "ነጠላዬስ አምሯል፤ እኔስ የታለሁ?"

እውነታቸውን ነው። የነጠላቸው ጥለት ክሩ ይቆጠራል፤ ፊታቸው ያለበት ቦታ ግን ድፍን ጥቁር ነው። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን እያነሳሁ ተሳካልኝ ስል ነበር። ጥቁርና ነጭ ማለት ጥቁሩን ማጥቆር፣ ነጩን ማንጣት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ የዓመቱን ሥራዬን አገላበጥኩ። ጥላ ውስጥ የጠፋ ሰው ብዛቱ አስደነገጠኝ። ጎዳና ላይ የማነሳው ሰውን ብዬ ነው፤ ፎቶው ውስጥ ግን ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ፍሬሙን ነጠላ ከሞላው "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ከነጠላው ጋር የጠይም ሰው ፊት አብሮ ይሰምጣል። ጨለም ያለ ሱቅ ደጃፍ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርግና ያማረውን ጥቁር አመድ ያስመስለዋል። ስለዚህ መለኪያውን ትቼ በራሴ መወሰን ጀመርኩ። ግን ቀትር ላይ ይህም አልበቃም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነጠላው ለግንባርና ለዓይን ጃንጥላ ይሆናል። ፊቱን ላውጣ ብል ነጠላው ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ነጠላውን ላድን ብል ፊቱ ይጠፋል። መፍትሔው ካሜራው ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነበር።

ፀሐይ ዝቅ ስትል ከነጠላው ስር ትገባለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ በጎን መጥቶ ጉንጭን፣ የዓይን ዙሪያን፣ የእጅን ጅማት ሳይቀር ይዳስሳል። ነጠላው ራሱ ደግሞ ብርሃን እየመለሰ በጥላው በኩል ያለውን የፊት ክፍል ያለሰልሰዋል። ይህን ሳይ የራሴን ደንብ አወጣሁ፦ ጥላዬ ከቁመቴ ሲያጥር ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥ ትንሽ ይዘገያል። ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እንደገና እወጣለሁ።

ወቅቱንም መማር ነበረብኝ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትደርሳለች። በእነዚያ ሁለት ጊዜያት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ሰሜን። በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚሞቅ ግድግዳ በሰኔ ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ነው። የወደድኩት ግድግዳ "ተበላሸብኝ" ብዬ ስንት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ!

ሌላው ትልቁ ትምህርቴ ቀድሞ ብርሃኑን መፈለግ፣ ከዚያ ሰውን መጠበቅ ነው። ድሮ ሰው እያሳደድኩ ነበር የማነሳው፤ ለሰውም ደስ አይልም፣ ለፎቶውም አይሆንም። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ፣ በቀላል ባቡሩ ድልድይ ስር፣ የምሰሶዎቹ ጥላ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ላይ እንደ ጥለት ይሰመራል፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። አንድ ቀን እዚያ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ፎከሱን 3 ሜትር ላይ አሰርኩት፤ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሹተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/500 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400። በ23 ሚሊሜትር ሌንሴ ከ2 ሜትር ጀምሮ እስከ ማዶ ሁሉም ይጠራል፤ ስለዚህ ሰው ሲመጣ የሚቀረኝ መጫን ብቻ ነው። ብዙ ሰው አለፈ፤ አንዱ በጥቁሩ መስመር ላይ ሲሆን፣ ሌላው ከምሰሶው ጋር ሲጣበቅ ተውኩት። በመጨረሻ ፍራሽ የተሸከመ ወጣት መጣ። ፍራሹ ፊቱ ላይ ጥላ ጥሎበታል፤ ነጩ መስመር ላይ ሲደርስ ግን ከፊቱ ያለው አስፋልት ያንጸባረቀው ብርሃን ከስር መጥቶ አገጩንና ዓይኖቹን አወጣቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ። ኮቴው ሊነካው ያለው ጥቁር መስመር ከፊቱ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ድሮ ብክነት ይመስለኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምሰጠው ለሚራመድ ሰው መሄጃ ነው።

ከመጫኔ በፊት አራቱን ጥግ አያለሁ። የኛ ሰማይ በኤሌክትሪክ ሽቦ የተሞላ ነው፤ በክረምት ደግሞ ደመናው ድፍን ነጭ ስለሚሆን ሽቦው ሁሉ እንደ እስክሪብቶ ጭረት ይታያል። ከተቻለ ሰማዩን አስወጥቼ መሬቱን አስገባለሁ። ፎቅ ካፌ በረንዳ ላይ ሆኖ ወደ ታች ማንሳት ለዚህ ጥሩ ነው፤ ጠዋት ከላይ ሲታይ የሰው ጥላ ከሰውየው ይረዝማል።

ሲልዌት ላይ፣ ማለትም ሰውን ፊት የሌለው ጥቁር ቅርጽ ብቻ አድርጎ ማንሳት ላይ፣ ግን አሁንም አልስማማም። አልፎ አልፎ ያምራል፤ ግን ለጠይም ሕዝብ ፎቶ አንሺ አደገኛ ምቾት ነው። ፊትን ማውጣት ሲያቅተን "ጥበብ ነው" እንላለን። እኔ ፋይሉን በራው (ካሜራው የያዘውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል) አስቀምጬ፣ ብርሃኑን ስጨምር ነጠላው ሊቃጠል፣ ማለትም ባዶ ነጭ ሊሆን፣ ጫፍ ሲደርስ አቆማለሁ፤ ኤዲት ላይ መጀመሪያ የምነካው ፊቱን ነው።

እኚያን እናት እስካሁን አላገኘኋቸውም። ወሩ በገባ በ23 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ግንብ ጋ እቆማለሁ፤ ፀሐይዋ ግንቡን የምትነካው ያኔ ነው።