የዳማው ቀኝ ጎን

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። የጅማ ነሐሴ መቼስ ይታወቃል። ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ጭቃ ነው። ፈረሴን ዳማውን ግን ሳላወጣው አልዋልኩም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የቀኝ የኋላ እግሩን ሲያነክስ አየሁት። ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ተሰንቅሯል። ልቀርበው ስል ዞረብኝ። ደግሜ ስሞክር አሁንም ዞረ። በግራ ሲመጡበት በግ ነው፤ በቀኝ ግን ጅብ ያየ ይመስል ዓይኑ ይፈጣል። ሁለት ሰው ይዞልኝ ጠጠሩ ወጣ። ባልዲዬ ግን በእርግጫ ተጣሞ ቀረ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ያረቡ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አንተስ በቀኙ ሄደህበት ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም። ልጓም የማገባው በግራ፣ ኮርቻ የምጭነው በግራ፣ የምወጣውም በግራ። አባ ጅፋር እንኳ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር፣ አፈርኩ። ፈረንጆቹ በግራ መውጣት የለመዱት ጎራዴያቸው በግራ ጎን ስለሚንጠለጠል ነው ይባላል። እኔ ያለኝ ጃንጥላ ነው።

የፈረስ ዓይኖች ግራና ቀኝ ነው ያሉት። በአንዱ የለመደውን በሌላው ሲያየው እንደ አዲስ ሊደነግጥ ይችላል። ከጅራቱ ኋላ ያለውን ደግሞ ጨርሶ አያይም። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እያወራሁት መቅረብ ጀመርኩ። መጀመሪያ በለመደው በግራው ቆሜ እጄን በጀርባው ላይ አሻግሬ ቀኝ ጎኑን አሻሸሁት። ጆሮው ሲላላ እጄን አነሳለሁ። ሲወጠር ቆም እላለሁ፤ አልገፋም፣ አልሸሽም። በየቀኑ አስር ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። በሳምንቱ በቀኙ ቆሜ ቦረሽኩት። ቀጥሎ በቀኙ ሆኜ ገመዱን ይዤ ሳብኩት፤ ግራ ገብቶት ቆመና ተከተለኝ።

የሚገርመው፣ ከሱ ይልቅ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። በቀኝ ቆሜ የልጓሙን ዘለበት ለማሰር ስሞክር ጣቶቼ ተሳሰሩ። ሠላሳ ጊዜ ያሰርኩት ነገር እንግዳ ሆነብኝ። ዳማው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀኝ።

ዛሬ የቀኝ የኋላ እግሩን ራሱ አነሳልኝ። ሰኮናውን በመፋቂያ ጠረግኩለት፤ ንቅንቅ አላለም። ልቤ ሞላና በቀኙ ልውጣ ብዬ ቀኝ እግሬን እርካብ ውስጥ አስገባሁ። ግራ እግሬ ግን ከመሬት አልነሳ አለ። ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ፈረሱ ለምዷል!» ብለው ጮኹ።