የሻንጣ መመዘኛውና ሁለቱ ቸርኬዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ቤት የማይጠፋ አንድ ዕቃ አለ፤ የሻንጣ መመዘኛ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ እያንዳንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የምናንጠለጥልበት ያ ትንሽ ሚዛን። ባለፈው ታኅሣሥ እኔ የሞተር ብስክሌቴን የፊት ጎማ ሰቀልኩበት። ለጥየቃ የመጣችው እናቴ የጋራዡ በር ላይ ቆማ አየችኝና «ይህንንም ልትልከው ነው?» አለች።

ሞተሬ የ2009 ያማሃ አር 6 ነው፤ 599 ሲሲ። ሥራ አልሄድበትም። በዓመት አምስት ስድስት ቀን ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ሜዳ ጭኜ ወስጄ እነዳዋለሁ። ዋናው ዙር 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። ሁልጊዜ የምሸነፈው በመጀመሪያው ኩርባ ነበር። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ ፍሬን እየያዝኩ ወደ ቀኝ ማስተኛት አለብኝ፤ ሞተሩ ግን በዚያ ፍጥነት መተኛት አይፈልግም። መሪውን ስገፋው መልሶ ይገፋኛል።

በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የፊት ጎማው በደቂቃ 1,400 ጊዜ ያህል ይዞራል። የሚሾር ነገር አቋሙን መልቀቅ አይወድም። ይህን ለእናቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ጥጥ ፈትላ ያሳደገችኝ ሴት ናት፣ የእንዝርቷ ክብ ከበድ ሲል ብዙ እንደሚሾር ከእኔ በፊት ታውቃለች። ለፈታይ የሚመቸው ክብደት ለእኔ ጠላት ሆነ። ክብደቱ ከመሐል በራቀ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የመሾር እልኸኝነቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከቸርኬው ጠርዝ የሚቀነስ 100 ግራም ከፍሬን ዲስኩ ከሚቀነስ 100 ግራም ይበልጣል። ይህን ስሌት ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ባስበው ጥሩ ነበር።

ክብደቱን ለመቀነስ የገዛሁት ውድድር ካቆመ ሰው፣ ያገለገሉ፣ ቀልጦ በመፍሰስ ሳይሆን በመቀጥቀጥ የተሠሩ የአሉሚኒየም ቸርኬዎችን ነው። ማግኒዥየም ይቀላል፤ ግን ቀለሙ ከተላጠ ዝገት ይበላዋል፣ ስንጥቅም በየጊዜው መፈለግ ይጠይቃል። የካርቦን ፋይበሩን ቸርኬ ዋጋ አይቼ ገጹን ዘጋሁት። ዲስኮቹን አዲስ ገዛሁ፤ እንደ ፋብሪካዎቹ 310 ሚሊ ሜትር፣ ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል፣ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ብዬ።

ሥራው አንድ ቅዳሜ ይፈጃል ብዬ ነበር። የአሮጌው ዲስክ አንድ ብሎን ብቻውን ግማሽ ቀን ወሰደ። ፋብሪካው ብሎኖቹን በማጣበቂያ ነው የሚያስራቸው፤ እኔ በጉልበት ስታገል የመጀመሪያውን ራስ አበላሸሁትና በመሰርሰሪያ አወጣሁት። የቀሩትን በሙቅ አየር ማሞቂያ ጥቂት ሳሞቃቸው እንደ ቅቤ ለቀቁ። ከዚያ የጎማው ቫልቭ መጣ። ጎሚስታው የሰጠሁትን ቀጥ ያለ ቫልቭ ገጠመልኝ፤ ቤት ስደርስ የንፋስ መለኪያው በሁለቱ ዲስኮች መካከል አልገባ አለ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ለታጠፈ ቫልቭ ድጋሚ ከፈልኩ።

ዋናው ጥፋቴ ግን ይህ ነው። አዲሱን የፍሬን ሸራ ለማስገባት የካሊፐሩን ፒስተኖች ወደ ውስጥ ገፋሁ፤ ሁሉንም አጠበቅኩ፣ የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ የቶርክ መፍቻ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ፣ ኮራሁ። ከዚያ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀምጬበት ከጋራዡ ወደ ቁልቁለቱ ለቀቅኩት። የፍሬኑን እጀታ ስጨብጠው እስከ መያዣው ድረስ ባዶ መጣ። ደግሜ ጨበጥኩ፤ አሁንም ባዶ። ያቆመኝ የጎረቤቴ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነበር። ፒስተኖቹ ተመልሰው ዲስኩን እስኪነኩ እጀታው ደጋግሞ መጨበጥ እንዳለበት አውቅ ነበር፤ ማወቄ ምንም አልረዳኝም። አሁን ካሊፐር በነካሁ ቁጥር የሞተሩን ቁልፍ ከፍሬን እጀታው ጋር በክር አስረዋለሁ። እጀታው ካልጠነከረ ክሩ አይፈታም።

በሚዛኑ ፊተኛው ከ11.2 ወደ 9.6፣ ኋለኛው ከ14.3 ወደ 12.1 ኪሎ ወረደ፤ ጎማ፣ ዲስክና የካቴና ጥርሱ ሁሉ ተገጥሞ። በሁለቱም ጊዜ የመዘንኩት ያንኑ ጎማ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ ሜዳው ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ በለመድኩት ጉልበት መሪውን ስገፋ ሞተሩ ካሰብኩት ቀድሞ ተኛ፤ የውስጠኛውን ጠርዝ ረግጬ አለፍኩ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ደረሰ። ጠዋቱን ሙሉ የእጄን ልማድ ስቀንስ ዋልኩ። የአሞርቲዛተሩንም መመለሻ፣ ተጨምቆ ሲለቀቅ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚይዘውን፣ ጥቂት አላላሁት። ከሰዓት በኋላ ያ ኩርባ የምወደው ሆነ።

የማቆሚያ ርቀቱ ግን በዲስኮቹ አላጠረም። በደረቅ አስፋልት ላይ ድሮም ፍሬኔ አቅም አላነሰውም፤ ገደቡ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳቱ ነበር። የተሻለው የእጀታው ስሜት ሲሆን እሱም ከአዲሱ ሸራና ከአዲሱ የፍሬን ዘይት የመጣ ይመስለኛል። አሮጌዎቹ ዲስኮች ላይ የታተመው ዝቅተኛ ውፍረት ገና አልተነካም ነበር። እንደገና ብጀምር ቸርኬውን ገዝቼ ዲስኩን እተወዋለሁ።

ከአሮጌዎቹ ዲስኮች አንዱን እናቴ ወሰደችው፤ ለጀበና ማሳረፊያ ይሆናል ብላ። ግንቦት ላይ ሻንጣዋን በዚያው ሚዛን ስሰቅለው 24.1 አለ። እንዲወጣ የተፈረደበት ዲስኩ ሳይሆን ለአጎቴ የገዛሁት ጫማ ነበር።