ለግሸን ማርያም የተሳልኩት

ስለቴ ሁለት ነበር። አንዱ ጃንጥላ ነው፤ እሱን አድርሻለሁ። ሁለተኛው "ከሰማሽኝ ያደረግሽልኝን በሰው ፊት እናገራለሁ" ያልኩት ነው። እሱን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ዕዳ ሆኖብኝ ቆየ። ባለፈው ሳምንት ልጄ "እማዬ፣ የአውሮፕላኗን እማማ ታሪክ ለምን አትጽፊውም?" አለችኝ። እሷ ከፈቀደች እኔ ምን ቀረኝ?

የደሴ ልጅ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ ነው ያደግሁት። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በትዳር አሥራ አንድ ዓመት ቆይተን ልጅ አልሰጠንም። ሐኪም ቤቱንም ጸበሉንም አዳርሰናል። በ2004 ዓ.ም. ከወሎ ሁለት ልጆች በጉዲፈቻ ለማሳደግ ወሰንን። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ሁለት ዓመት ተኩል። አባታቸው ቀድሞ ሞቷል፣ እናታቸው ደግሞ ታማ ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። አያታቸው ከሐይቅ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሊያሳድጓቸው ሞክረው ጉልበት ከዳቸው።

ያኔ ወላጆች ሁለት ጊዜ መምጣት ነበረባቸው፤ አንዴ ለፍርድ ቤት፣ አንዴ ለቪዛ። መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር መጣን። ጉዳዩ የሚታየው አዲስ አበባ፣ ልደታ ነበር። አያትየው ከደሴ በአውቶቡስ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው መጡ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ጭልም አድርጎት ሹፌሩ ቆሞ እንደነበር ነገሩን። ዳኛዋ "ከእንግዲህ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ ይሄ ገብቶዎታል?" ብለው ጠየቋቸው።

"ገብቶኛል እመቤቴ" አሉ። "ብቻ ወሬያቸውን አልጣ።"

ሌላ ምንም አልጠየቁም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ሲከለከል ብዙ ተባለ። እኔ የማስበው ስለ እሳቸው ነበር። ልጁን ሰጥቶ ወሬውን ያጣ ቤተሰብ ስንት አለ! ለእነዚያ ሰዎች ዛሬም አለቅሳለሁ።

ከችሎት ስንወጣ አያትየው ከጉያቸው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ማር ነው። በእኛ አገር የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ የሚባል የቆየ ወግ አለ። አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክረው ለልጆቹ "ጥቡ" አሏቸው። ትንሹ ጠባ። ልጅቷ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን አዞረች። "ልጅ አይደለች፣ ታፍራለች" አሉ አያትየው። እኔም አዎ አልኩ። ውስጤ ግን አዎ አላለም።

ሁለተኛውን ጉዞ ብቻዬን መጣሁ፤ ባለቤቴ ፈቃዱን ጨርሶ ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት የልጁን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ውሳኔው ላይ ሌላ አድርጎ ጻፈው። እሱን ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ወረቀቱ ወረቀት ነው፣ አለፈ። ያላለፈልኝ የልጅቷ ነገር ነበር።

በምንም ስም አትጠራኝም። እጄን አትይዝም። አያቷ የሰጧትን ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች፤ ስትተኛም አትለየውም። ቋጠሮውን ለማንም አትፈታም፣ ለወንድሟም ጭምር። ሰው "አሜሪካ" ወይም "ሩቅ አገር" ሲል ከሰማች አልጋ ሥር ትገባለች። እዚያ ገብታ አታለቅስም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። የጠላችኝ መሰለኝ።

አንድ ሌሊት፣ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለቱም ተኝተዋል። ተንበርክኬ ወደ ግሸን ማርያም ጮህኩ። ወሎ ተወልዶ ግሸንን የማይጠራ ማን አለ? እናቴ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ያንን መስቀለኛ አምባ በእግሯ ስትወጣ ነው ያደግሁት። "እመቤቴ" አልኩ፣ "ወረቀቱ ይዘግይ ግድ የለም። ይህቺን ልጅ እየጎተትኩ እንዳልወስዳት ብቻ አድርጊልኝ። ጎትቼ ከወሰድኳት ሰርቄ የወሰድኳት ነው የሚመስለኝ። ልቧን ክፈችልኝ።" ጃንጥላውንም ምስክርነቱንም የተሳልኩት ያን ጊዜ ነው።

የበረራው ቀን መጣ። ትንሹን በአንቀልባ አዝያለሁ። ኤምባሲው የሰጠኝ የታሸገ ፖስታ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አሜሪካ ሲደረስ ለኢሚግሬሽን እንጂ በመንገድ አይከፈትም። ቦሌ በር ላይ ስንደርስ ልጅቷ መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ እየጮኸች ብድግ አድርጌ ተሸክሜያት ገባሁ። ሰው ሁሉ ያየናል። አይሁንብኝ ብዬ የተሳልኩበትን ነገር በገዛ እጄ አደረግሁት። "አልሰማሽኝም እመቤቴ" አልኩ። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው፤ እንደዚያ ብያለሁ።

አርፍደን ስለገባን ወንበራችን ተቀይሯል። ከኋላ፣ አንዲት እናት አጠገብ ሰጡን። ሻሻቸውን ጠምጥመዋል፣ መቁጠሪያ ይዘዋል። ልጅቷ አሁንም ትንሰቀሰቃለች። እናትየው ዞር ብለው አዩአትና "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ" አሏት።

አብሽሪ! ይህን ቃል በዚያ ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ልጅቷ ቀና አለች። አያቷም እንደዚያ ነበር የሚሏት።

የውጫሌ ሰው ናቸው። ሜሪላንድ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ነው የሚሄዱት። አውሮፕላኑ ተነሥቶ መብራቱ ሲቀንስ ልጅቷ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው።

"እማማ፣ እርስዎም ሊሞቱ ነው?"

"ምነው ልጄ?"

"ሩቅ አገር ስለሚሄዱ። እናቴም ሩቅ አገር ሄደች። ከዚያ አልተመለሰችም።"

ደነዘዝኩ። ለካ እናቷ ስትሞት ለቅሶው እንዳይጎዳት ብለው "ሩቅ አገር ሄዳለች" ብለዋታል። እኛ አገር ለሕፃን እንዲህ ይባላል፣ በክፋት አይደለም። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ሩቅ አገር እንሄዳለን፣ ደስ ይላል" እያልኩ በጆሮዋ እጮህባታለሁ! ልጅቷ አልጠላችኝም። ከወንድሟ ጋር ወደ ሞት የምወስዳቸው መስሏት ነው።

እናትየው አልደነገጡም። "እናትሽ ጀነት ናት ልጄ" አሏት። "ይቺ አውሮፕላን እዚያ አታደርስም። እኔም ልጄን አርሼ እመለሳለሁ።" ከደረታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "ይኸውልሽ የመመለሻ ትኬቴ። ለኅዳር ነው። የሄደ ሰው ይመለሳል፣ ወላሂ።"

ልጅቷ ወረቀቱን በጣቷ ዳበሰችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ብዙ አየችው።

"አያቴ ጋ ይሄዳሉ?"

"የት ናት አያትሽ?"

"ሐይቅ።"

"ውጫሌ ለመግባት ሐይቅን ማለፍ የለብኝም? አልሃምዱሊላህ! ወርጄ ወሬሽን እነግራታለሁ።"

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። መጀመሪያ ለእማማ ሰጠች፣ "ለመንገድዎ" ብላ። ቀጥሎ ለወንድሟ። ቀጥሎ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ሰባት ፍሬ ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ። አንዱን ፍሬ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ትንሽ ቆይታ ጭኔ ላይ ተኛች።

እናትየውም ጸሎት ላይ ነበሩ። ልጃቸው በስልክ "ፎርም አለ፣ ጥያቄ አለ" ስትላቸው ፈርተዋል። ቦሌ ቁጭ ብለው "ያ ረቢ፣ የወሎ ልጅ ከጎኔ አድርግልኝ" ብለው ዱአ አድርገዋል። እኛ በር ላይ ስንላቀስ እሳቸው ውስጥ እኛን ይለምኑ ነበር! በሰዓቱ ገብተን ቢሆን ኖሮ ወንበራችን ፊት ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል። "አልሰማሽኝም" ባልኩበት ሰዓት ተሰምቼ ነበር።

ዋሽንግተን ስንደርስ ፎርማቸውን ሞላሁላቸው፣ በእንግዶቹ መስመር አብሬያቸው ቆምኩ፣ ጥያቄውን አስተረጎምኩ። እኛን ለፖስታው ወደ ጎን ክፍል ወሰዱን። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ማህተም ተመታ፤ በሕግ ልጆቹ ያን ጊዜ የአገሩ ዜጎች ሆኑ። ስንወጣ እማማ ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ልጃቸው ውጭ ቆማ፣ እሳቸው ውስጥ!

"ምነው አይሄዱም ነበር?" አልኳቸው።

"የወሎ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል እንዴ?"

በመስከረም 2007 ዓ.ም. አራታችንም መጣን። ከግሸን በፊት ሐይቅ ወረድን። አያትየው ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ የልጆቹ ፎቶ ተለጥፏል፤ ቨርጂኒያ የተነሡት። ለእማማ በልጃቸው በኩል የሰጠኋቸው ነው። በቃላቸው በኅዳር ሐይቅ ወርደው፣ ጠይቀው፣ አፈላልገው አድርሰዋል። አያትየው ቡና አፍልተው አብረው ጠጥተዋል።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። ያን ጊዜ ሰባት አልፏታል። አያቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን እንደመጣ ለማየት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ።

"አያቴ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ከሩቅ አገር ተመለስኩ።"

በማግስቱ ግሸን ወጣን። ጃንጥላውን ለማንም አልሰጠችም፣ እስከ ላይ ራሷ ይዛው ወጣች።