«ተመስገን» ካሉኝ በኋላ ሳል ያድርጉ አልኳቸው

ሰመመን ሰጪ ነኝ። የምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን በየሳምንቱ አለ። ለረጅም ጊዜ ለሕመም የምንሰጠው ያው ትራማዶልና ዳይክሎፌናክ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንዲት እናት ናቸው። አንድ ጡታቸውና የብብታቸው ዕጢዎች ወጥተው ሪከቨሪ (ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚነቁበት ክፍል) ተኝተዋል። «እማማ፣ ያምዎታል?» ስላቸው «ተመስገን ልጄ» አሉኝ። ቻርቱ ላይ «ሕመም የለም» ብዬ ልጽፍ ስል ትንፋሻቸውን አየሁት። ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ደረታቸው አይነቃነቅም። «እስኪ ሳል ያድርጉ» አልኳቸው። ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ እንባቸው መጣ።

ነርቭ ብሎክ፣ ማለትም ሕመም የሚያደርሱትን ነርቮች በመርፌ ማደንዘዝ፣ መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የመረጥኩት መድኃኒቱ ከጀርባ ጡንቻ ሥር የሚሰጥበትን ኢሬክተር ስፓይኒ ብሎክን ነው፤ እነ ሞሪሲዮ ፎሬሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቁትን። ከአከርካሪው አጠገብ የሚሰጠው ፓራቨርቴብራል ብሎክም ግሩም ነው፣ ግን መርፌው ከሳንባው ሽፋን አጠገብ ስለሚደርስ ለጀማሪ ያስፈራል። በዚህኛው መርፌው አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው።

አልትራሳውንዱን ከማዋለጃ ክፍል ነው የምንዋሰው፣ ስለዚህ ጠዋት ቀድሜ እይዘዋለሁ። ታካሚዋ ሳትተኛ በፊት ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ትራስ አቅፋ ትቀመጣለች። አንገት ሥር ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት ወደ ታች እየቆጠርኩ አራተኛው ወይም አምስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ እቆማለሁ። ፕሮቡን (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ከመሃል መስመር 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ጎን ቁልቁል አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ጡንቻዎች ተደራርበው ይታያሉ፣ ከሥራቸው አጥንቱ፣ ማለትም ከአከርካሪው ወደ ጎን የወጣው ክንፍ።

መጀመሪያ አካባቢ የጎድን አጥንቱን ከአከርካሪው ክንፍ መለየት ነበር የቸገረኝ። የጎድን አጥንት ክብ ብሎ ነው የሚታየው፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከልም የሳንባው ሽፋን ደምቆ ያበራል። የአከርካሪው ክንፍ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ነው። የሚያበራው መስመር ቁልጭ ብሎ ከታየኝ ወደ ጎን ወጥቻለሁ ማለት ነው፤ ፕሮቡን ወደ መሃል እመልሳለሁ።

የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ላይ ብሎኩ አልሠራም። መድኃኒቱን የሰጠሁት ጡንቻው ውስጥ ነበር፤ ጡንቻው ሲያብጥ በስክሪኑ እያየሁ «ይሄው ገባ» ብዬ ተደስቻለሁ። ማየት የነበረብኝ ጡንቻው እንዳለ ከአጥንቱ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ብድግ ሲል፣ ፈሳሹም ከሥሩ ጥቁር መስመር ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ነው። አሁን መጀመሪያ 2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ብቻ እሰጣለሁ። ካልተነሳ መርፌውን አስተካክላለሁ እንጂ መድኃኒቱን አልነካም።

መድኃኒቱ ቡፒቫኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ነው፣ ግን ለስፓይናል (ወገብ ላይ ተወግቶ የታችኛውን አካል ለሚያደነዝዘው) የምንጠቀምበት ሄቪው (ከባዱ) አይደለም። ከ0.5 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሳላይን 10 ሚሊ ሊትር እቀላቅላለሁ፤ 50 ሚሊ ግራም ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በኪሎ 2 ሚሊ ግራም አድርጌ ጣሪያዬን 100 ላይ አቆማለሁ። 20 በመቶው ሊፒድ (የማደንዘዣ መመረዝን ለማከም በደም ሥር የሚሰጠው የስብ ፈሳሽ) የት እንደተቀመጠ ሳላረጋግጥ ደግሞ አልጀምርም፤ ቡፒቫኬይን ልብ ላይ ከደረሰ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ቶሎ መስጠት አለብኝ፣ ያኔ ቁልፍ የያዘ ሰው ፍለጋ አይኮንም።

ከሁሉም የቆጨኝ ግን የሌሊቱ ነገር ነው። አንዲት ታካሚ ከሰዓት ሙሉ ስትስቅ ውላ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየጮኸች ነቃች። ብሎኩ አልቋል። እኔ ደግሞ ማስታገሻውን «ካመማት ይሰጣት» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ እሷም እስኪብስባት ድረስ ነርሷን ላለማስቸገር ዝም ብላለች። አሁን ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ አመማትም አላመማትም፣ ብዬ አዛለሁ። ብሎኩ ማታ እንደሚለቅ ለታካሚዋም ለአስታማሚዋም እነግራለሁ።

ብብቱ እስካሁን ያስቸግረኛል። ደረቱ ደንዝዞ «ልጄ፣ ብብቴን ነው» የሚሉኝ አሉ፤ የዚያ አካባቢ ነርቭ ከላይ፣ ከሁለተኛው የደረት ነርቭ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ያመልጠኛል። የብብት ዕጢ የሚወጣላቸው ከሆነ በጎን በኩል ሴራተስ ብሎክ (የደረቱን ጎንና ብብቱን የሚያደነዝዝ ሌላ መርፌ) እጨምራለሁ፣ የሁለቱንም መድኃኒት ደምሬ ከጣሪያው እንዳያልፍ እያሰላሁ። ከዚያ ሪከቨሪ ሄጄ ሳል እንዲያደርጉ እጠይቃቸዋለሁ።