ረቡዕ ማታ ውድድር? (ሜይ 20፣ 2020)

ዛሬ እዚህ ሻርለት፣ መጋዘኑ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ተራርቀን ተቀምጠን ወሬው ሁሉ ናስካር፣ የአሜሪካው የመኪና ውድድር፣ ነበር። ከማርች 8ቱ የፊኒክስ ውድድር ወዲህ በኮሮና ተቋርጦ ከርሞ፣ እሁድ ዳርሊንግተን በሚባለው መወዳደሪያ ላይ ያለ ተመልካች ተመለሰ። ሹፌሩ ኬቨን ሃርቪክ 50ኛ ድሉን ቢያገኝም የሚያጨበጭብለት ሰው አልነበረም።

ዛሬ ማታ ደግሞ እዚያው ይደገማል። በረቡዕ! አዛውንቱ ባልደረባዬ «ውድድር የእሁድ ነው» ብለው ተቆጡ። የሶኖማና የቺካጎላንድ ውድድሮች ዘንድሮ መሰረዛቸውም አናዷቸዋል። ወጣቶቹ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ልምምድ የለም፣ የማጣሪያ ዙር የለም፣ እሁድ ከ1ኛ እስከ 20ኛ የወጡት ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ይነሳሉ። ሃርቪክ ከ20ኛ!

እኔ እንኳ የኳስ ሰው ነኝ። ግን ሁለት ወር ሙሉ የቆየ ጨዋታ ሲደገም ላየ ሰው፣ ረቡዕም ቢሆን ምን ቸገረው? ቡናዬን አፍልቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጫለሁ።