ሽማግሌ ሲላክ የሚያልፈው ሦስት ወር

የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም በመንቀሳቀሱ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የተሰናበተበትን ቀን ነው። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ በሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል፤ እዚህ ጎንደር ደግሞ ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በሽምግልና ነው። ሠራተኛው በድርጅቱ ባለቤት ዘንድ የሚከበሩ አባቶችን ይልካል፣ ባለቤቱም በክብር ተቀብሎ «ፋሲካ ይለፍና እናየዋለን» ይላቸዋል፣ ጊዜውም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ይዞት ይሄዳል። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ ነገር ግን አሠሪው የሠራተኛውን ጥያቄ በግልጽ ካላመነ በቀር የአባቶች መመላለስ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጠውም። ስለዚህ ክሱ በጊዜው ይቅረብ፣ እርቁም ጎን ለጎን ይቀጥል፤ ይህ እነርሱን መናቅ እንዳልሆነ አስቀድሞ ከተነገራቸው አባቶቹ ይረዱታል።

መብቱ ራሱ አያጠራጥርም። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም የሠራተኞችን የመደራጀት መብት ያረጋግጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም ስለሚችል፣ በፒያሳ ዙሪያ ያለ መካከለኛ ሆቴልም «እኛ ትንሽ ነን» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። የማኅበር አባል መሆን፣ በሕጋዊ ሥራው መሳተፍ፣ የሠራተኛ ተወካይ ለመሆን መወዳደርም ሆነ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 ይደነግጋል። በእነዚህ ምክንያቶች የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ ይገባዋል፤ መመለስ ካልፈለገም ካሳ የማግኘት መብት አለው።

ይሁን እንጂ የስንብት ደብዳቤ ላይ «ማኅበር ስላቋቋምህ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ መዘግየት፣ ስለ ጎደለ ዕቃ ወይም ስለ ሥነ ምግባር ነው። ለዓመታት አንድ ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ሰው የመሥራቾች ስብሰባ በተደረገ ማግሥት ተከታታይ ማስጠንቀቂያዎች ሲደርሱት፣ እውነቱን የሚናገረው ከደብዳቤዎቹ ይዘት ይልቅ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው በዕለቱ ተጽፎ ይፈረም፤ እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቀን ይመዝገብ፤ ቅጂውም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። በቀሉ ከስንብት በታች ሆኖ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ትናንሽ ልጆች ያሏትን እናት በድንገት ወደ ሌሊት ፈረቃ ማዛወር አንዱ ነው። አሠሪ ሠራተኛው መብቱን ስለተጠቀመ በማናቸውም መንገድ እርምጃ እንዳይወስድበት አንቀጽ 14 ስለሚከለክል፣ እስክትባረር መጠበቅ አይኖርባትም። የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ጥበቃ ውጭ ናቸው፤ ይህ ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምስክር ጉዳይ ነው። ስብሰባው ላይ የነበሩ ባልደረቦች እንጀራቸው አሁንም በዚያው አሠሪ እጅ ስለሆነ ችሎት መቅረብን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውንም ማንም ሊያቃልልባቸው አይገባም። ሆኖም በዳኝነት ሂደት መሳተፍም ለስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ያው አንቀጽ 26 ይናገራል፤ ይህን የሚያውቁ ሠራተኞች ግን ብዙ አልገጠሙኝም። ከሳሹ ምስክሮቹን ከመቁጠሩ በፊት አንቀጹን ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው፤ ከዚያ በኋላ መቅረብ አለመቅረቡን እነርሱ ይወስኑ።