ባቲ ያየሁት ግራር

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ነበር። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲከብደኝ ከግመል ተራው ወጣ ብዬ አንድ ግራር ጥላ ስር ቁጭ አልኩ።

ቀና ብዬ ሳየው የቅርንጫፎቹ የታችኛው ጠርዝ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ዓይኔን ተከትለው፣ «ግመል ነው እንዲህ የከረከመው፣ አንገቱ እስከደረሰበት» አሉኝ። ወዲያው አንዲት ግመል መጣች። ከንፈሯን በእሾሁ መሀል አሹልካ ቅጠሉን ላጥ ላጥ ታደርገዋለች።

ተነስቼ ቅርንጫፉን ነካሁት። የታችኛው እሾህ የመሀል ጣቴን ያህላል። ከጫፍ ተሰብሮ የወደቀ ቅርንጫፍም አገኘሁና አስተያየሁት። የእሱ እሾህ ግማሹን እንኳ አይሆንም። ለካ ግራር ሲበሉት እሾሁን ያስረዝማል፤ ማንም በማይደርስበት በኩል ያሳጥረዋል።

እኔ ያደግኩት ፍየል የዛፍ ጠላት ነው ሲባል እየሰማሁ ነው። ውሸት አይደለም። የእኛን ተራሮች ተራቁተው ያየ ሰው ያውቀዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ብዙ ቦታ እርከን ተሠርቶ፣ ከብት እንዳይገባ ተከልሎ ነው አረንጓዴ የተመለሰው። አጎቴ ቤት ጀርባ ያለው ተረተር ዛሬ በክትክታ ተሸፍኗል። ስለዚህ ዛፍ የሚበላ ሁሉ ዛፍ ያጠፋል ብዬ ደምድሜ ነበር።

ዝሆን ግን ሐሳቤን ያስቀይረኛል። በቀን እስከ 150 ኪሎ ይበላል። ልጥ ይልጣል፣ ቅርንጫፍ ይገነጥላል፣ ሲፈልግ ዛፉን ገፍቶ ይጥላል። ባቢሌ ያሉት የእኛዎቹ በለሱን ከነእሾሁ ይበላሉ። ግን ብዙ ጊዜ የተሰበረው ጉቶ ያቆጠቁጣል፤ ለጋው ቅጠል ዝቅ ብሎ ለትንንሾቹ እንስሳት ይደርሳል። ጥላው ሲከፈት ሣሩ ይነሳል። የዋጠውን ፍሬም ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከነፋንድያው ይጥለዋል። ማዳበሪያውን ጨምሮ ማለት ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካው የኬንያው ነው። ላይኪፒያ ውስጥ አንድ የግራር ዓይነት አለ። እሾሁ ስሩ ላይ ያብጥና ለጉንዳን ቤት ይሆናል። ዛፉ ጣፋጭ ፈሳሽ ያበላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ሊበላው የመጣውን ይነክሳሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ዝሆንና ቀጭኔ የማይገቡበት አጥር አጠሩ። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ሲያዩ ዛፎቹ ፈሳሹንም ያበጠውንም እሾህ ቀንሰዋል። ጠባቂዎቹ ጉንዳኖች ተዳከሙ። በቦታቸው ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ የማይከለክል ሌላ ጉንዳን ገባ። በሰላም ይደጉ ተብለው የታጠሩት ዛፎች እድገታቸው ቀነሰ፣ የሚሞተውም በዛ።

ይህንን ሳነብ ጥያቄው ይበላ አይበላ እንዳልሆነ ገባኝ። ማን ይብላው፣ ስንት ሆኖ፣ ስንት ጊዜ አርፎ የሚለው ነው። ፍየል ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ሲውል ችግኝ አይተርፍም። ዝሆን ግን ነቅሎ ሄዶ ዛፉን ያሳርፈዋል፣ መንገዱ ካልተዘጋበት።

ማታ አጎቴ ጋ አደርኩ። ጠዋት በረቱ ደጃፍ የደረቀ በጠጥ በጣቴ ፈረከስኩ። ውስጡ ቡናማ የግራር ፍሬ፣ ምንም ሳይሆን፣ ጥርስ ሳይነካው። አራት ሰበሰብኩ። አጎቴ አንድ አሮጌ ጀሪካን ቆርጦ አፈር ሞላልኝ፤ ተረተሩ ስር አስቀምጠነው መጣሁ።